የቀነሳችሁት አንድ ቀን የት ገባ? ለካንሰር ምርምር ተራራ ላስወጣን ድርጅት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የድርጅቱ የቦርድ አባላት፣
ለተከበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ጤና ይስጥልን።

እኛ ባለፈው ዓመት ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ ባዘጋጃችሁት የኪሊማንጃሮ ጉዞ የተሳተፍን 12 ሰዎች ነን። አምስታችን ካንሰር ታመን የዳንን ነን። አራታችን ልጅ፣ ባል ወይም እናት ያስታመምን ነን። የቀሩት ሦስቱ «ብቻችሁንማ አትሄዱም» ብለው የተከተሉን ጓደኞች ናቸው። የድርጅታችሁን ስም እዚህ አልጻፍንም። እናንተ ታውቁታላችሁ። ለሌላው አንባቢ ነገሩ ራሱ ይበቃዋል።

ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ በኢሜይል ጽፈንላችኋል። ለሁለቱ «መልእክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣ፤ ማሽን በራሱ የሚልከው ዓይነት። ለሦስተኛው እሱም አልመጣም። እንዲያም ሆኖ ነገሩን ልንተወው ነበር። ሰሞኑን ለለጋሾች የላካችሁት ማስታወቂያ ግን ዝም አላሰኘንም። የሚቀጥለው ዓመት ጉዞም በአምስት ቀን እንደሚሆን ገልጻችኋል። ምክንያቱ «ወጪን ቀንሶ ለምርምር የሚደርሰውን ገንዘብ ማሳደግ» ነው ብላችኋል። «ያለፈው ዓመት ጉዞ በስኬት መጠናቀቁ» ደግሞ እንደ ማስረጃ ቀርቧል። ስኬት የተባልነው እኛ ነን። ስለዚህ የምንለው አለን።

በቀኑ እንጀምር።

ስንመዘገብ በእጃችን የሰጣችሁን ፕሮግራም ስድስት ቀን ነበር። ልንነሳ ሦስት ሳምንት ሲቀረን አምስት ቀን ሆነ። የነገራችሁን በአንድ መስመር ኢሜይል ነው። ብዙዎቻችን ቀድመን የሥራ ፈቃድ ወስደን ስለነበር «እንኳን አንድ ቀን ተረፈን» ብለን ሁሉ ደስ አለን። አለማወቅ ነው።

እኛ በሄድንበት በማራንጉ መንገድ የሚወጣ ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት ማንዳራ የሚባል ማደሪያ ያድራል፤ 2,720 ሜትር ላይ። ሁለተኛውን ሆሮምቦ፤ 3,720 ሜትር። ሦስተኛውን ኪቦ፤ 4,720 ሜትር። ቁጥሮቹን ልብ በሉ። በየቀኑ ድፍን አንድ ሺህ ሜትር ነው። ኪቦ ደግሞ ጋደም ይባላል እንጂ አይታደርም። እኩለ ሌሊት ላይ ተነስቶ 5,895 ሜትር ወዳለው ኡሁሩ ጫፍ ጉዞ ነው። የስድስት ቀኑ ፕሮግራም ልዩነቱ ሆሮምቦ ላይ ሁለት ሌሊት ማሳደሩ ነው። መሀል ላይ ያለውን ቀን የእረፍት ቀን ይሉታል። እረፍት እንኳን አይደለም። ዜብራ ሮክስ ወደሚባሉት ጥቁርና ነጭ ቋጥኞች ወጣ ተብሎ፣ ለመኝታ ተመልሶ ዝቅ ይባላል። ሰውነት ከፍታውን የሚለምደው በእንዲህ ዓይነት ቀን ነው። እናንተ የሰረዛችሁት ይህን ቀን ነው።

የተራራ ሐኪሞች ምክር የታወቀ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ ከአንዱ ሌሊት ወደ ሌላው ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይላሉ። በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ ደግሞ ባሉበት ቦታ አንድ ሌሊት መድገም። እውነቱን ለመናገር ስድስት ቀኑም ይህን በደንብ አያሟላም። አምስት ቀኑ ግን አይሞክረውም።

ብዙ ሰው ጫፍ ላይ «ኦክሲጅን የለም» ይላል። አለ። ታችም ይሁን ላይ፣ ከአየሩ 21 በመቶ ያህሉ ኦክሲጅን ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። ኡሁሩ ላይ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ገደማ ይሆናል። ስፖርተኛውም ስፖርት የማያውቀውም እዚያ አንድ የሚሆኑት ለዚህ ነው። ከመካከላችን ማራቶን የሚሮጥ ሰው ነበረ፤ መጀመሪያ ያስመለሰው እሱ ነው። በጉልበት የሚገፋ ነገር አይደለም። የሚያስፈልገው ቀን ነው።

ውጤቱን እንንገራችሁ፤ እስካሁን አልጠየቃችሁንማ። ኪቦ ስንደርስ ዘጠኛችን ራሳችንን ያመን ነበር። ስድስት ሰው ኡሁሩ ደረሰ። ሁለቱ የእሳተ ገሞራው አፍ ጠርዝ ከሆነው ጊልማንስ ፖይንት ተመለሱ። ሦስቱ ሃንስ ሜየር ዋሻ አካባቢ በቃን አሉ። አንዱ ከኪቦ አልወጣም። ማንም አልሞተም። ይህን ስኬት የምትሉት ከሆነ እንስማማለን።

ከኪቦ ስላልወጣው ልጅ ግን ረዘም አድርገን መናገር አለብን።

የዘር ፍሬ ካንሰር ታክሞ የዳነ ወጣት ነው። ከወሰዳቸው መድኃኒቶች አንዱ ብሊዮማይሲን ይባላል። መድኃኒቱ ሳንባን ሊጎዳ ይችላል። እሱን የወሰደ ሰው ከዓመታት በኋላም ቢሆን ብዙ ኦክሲጅን ሲሰጠው ሐኪሞች ይጠነቀቃሉ። ቀዶ ሕክምና ከመግባቱ በፊት ለሰመመን ሰጪው እንዲናገር የሚመከረውም ለዚህ ነው። ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ይሰጠዋል። ግን እየለኩ፣ በልኩ ብቻ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከእንጨት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እግሩ መሬት አይነካም። ጣቱ ላይ የተቆነጠጠችው የደም ኦክሲጅን መለኪያ 68 በመቶ ትላለች። ጋይዳችን ጎበዝ ሰው ነው፤ ሮጦ ኦክሲጅኑን አመጣ። ጭምብሉን ሊያለብሰው ሲል ልጁ እጁን ያዘው። መተንፈስ ያቃተው ሰው አየር ሲሰጡት እንቢ ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጋይዱ ግራ ገባው። ሊያስለቅቀው ይታገለው ጀመር። ደግነቱ ከእኛ አንዷ ነርስ ናት። ግማሹን በቃል፣ ግማሹን በእጅ ምልክት አስረዳችው። መለኪያዋን እያዩ በትንሹ ከፈቱለት። ወዲያው ሁለት ተሸካሚዎች ግራና ቀኝ ደግፈውት በባትሪ ብርሃን ወደ ሆሮምቦ ይዘውት ወረዱ። በማግስቱ ስንመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ አገኘነው።

ነርሷ ከእኛ ጋር የመጣችው እህቷን ልትሸኝ ነው። እናንተ አልመደባችኋትም።

የምዝገባ ቅጻችሁ አሁንም እጃችን ላይ ነው። ሁለት ገጽ ነው። የቲሸርት ቁጥር ይጠይቃል። ፎቶአችንን ለማስታወቂያ ለመጠቀም ፈቃድ ይጠይቃል። የታመምነውን የካንሰር ዓይነትም ይጠይቃል፤ «ታሪክዎን ባጭሩ» በሚለው ሥር፣ ለፌስቡክ እንዲመች። የወሰድነውን መድኃኒት ስም የሚጠይቅ ቦታ የለም። ልባችን ወይም ሳንባችን ተመርምሮ እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታም የለም። ከኬሞ መድኃኒቶች ልብን የሚያደክሙ እንዳሉ የካንሰር ድርጅት አያውቅም አንልም። መጨረሻው ላይ ግን «ለሚደርስብኝ ማናቸውም ጉዳት ኃላፊነቱ የራሴ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ ከሥሩ የፊርማ ቦታ። እሱን ሁላችንም ሞልተናል።

አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። ከመካከላችን የጡት ካንሰር የታከመች መምህርት አለች። ኬሞው የእግሯንና የእጇን ጣቶች ነርቭ ጎድቶታል። ለከፍታ ሕመም መከላከያ የምንውጠው አሴታዞላማይድ ደግሞ በጤነኛውም ሰው ላይ ጣት ይነዝራል። ብርዱም እንደዚያው። «የቱ እንደሆነ እኔም አላውቀው» እያለች ትስቅ ነበር። ከኡሁሩ ወርደን ሆሮምቦ ላይ ጫማዋን ስታወልቅ ካልሲዋ ተረከዟ ላይ በደም ተጣብቆ ደርቋል። ውሃ እያፈሰስን ነው ያላቀቅነው። አንድ ቀን ሙሉ በዚያ ቁስል ስትሄድ አልተሰማትም። አንድ ሐኪም አስቀድሞ «በየማታው ጫማሽን አውልቀሽ እግርሽን በዓይንሽ እይ» ቢላት ይበቃ ነበር። ምንም ወጪ የለውም።

እባካችሁ ይህን አንብባችሁ «እንግዲያው ካንሰር የነካው ሰው አይመዝገብ» እንዳትሉ። ይህንን ነው በጣም የምንፈራው። ሾን ስዋርነር በልጅነቱ ሁለት ዓይነት ካንሰር ታሞ፣ በደንብ የሚሠራለት አንድ ሳንባ ብቻ ቀርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ኤቨረስት ጫፍ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1995 የጡት ካንሰር የታከሙ ሴቶች ለምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ 6,961 ሜትር ወዳለው አኮንካጓ ዘምተዋል። ተራራው አይከለክለንም። የጠየቅነው እንደ ፖስተር ሳይሆን እንደ ሰው እንድትወስዱን ነው።

ወደ ተሸካሚዎቹ እንለፍ።

ለአንድ ተሸካሚ የሚፈቀደው ጭነት 20 ኪሎ ነው። በር ላይ ይመዘናል። የእኛም ተመዝኗል። ከተመዘነ በኋላ ግን ባነራችሁ መጣ። ከነብረት ዘንጉ፣ ከነማቆሚያው። የጫነው ልጅ ጎኑ የተቀደደ ሸራ ጫማ አድርጎ ነበር። ኪቦ ላይ ውሃ የለም። የምንጠጣው፣ የሚበሰልበት፣ ሁሉም ከታች በሰው ትከሻ ይመጣል። ውሃ ለመጨመር ቦታ ሲጠፋ ባነሩ እንዲቀር ጠየቅን። የእናንተ ሰው «ያለ ባነር ፎቶ አይሆንም» አለ። እሱ ራሱ ከሆሮምቦ በላይ አልወጣም።

ጉርሻ በጉዞው ክፍያ ውስጥ ተካቷል ብላችሁን ነበር። በመጨረሻው ቀን ተሸካሚዎቹ ተሰልፈው ሲጠብቁ እንዳልተካተተ አወቅን። ኪሳችን ያለውን አዋጣን። አፍረን ነው የተለያየነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በዚያ ተራራ ላይ የተሸካሚዎችን አያያዝ የሚከታተል የኪሊማንጃሮ ተሸካሚዎች ድጋፍ ፕሮጀክት አለ። ለተሸካሚ በአግባቡ የሚከፍሉ አስጎብኚዎችን ያውቃል። የመረጣችሁት አስጎብኚ ከእነሱ ጋር ይሠራል ወይ ብለን ጠይቀን ነበር። ሦስተኛውና መልስ ያጣው ኢሜይል እሱ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

ገንዘብ ስናሰባስብ በእናንተ ወረቀት ነው የዞርነው። ወረቀቱ «የሚለግሱት እያንዳንዱ ሳንቲም ለካንሰር ምርምር» ይላል። በዚያ ቃል አምኖ የጡረታ ገንዘቡን የከፈለን ሰው አለ። መምህርቷ የምታስተምራቸው ልጆች በጠርሙስ ሳንቲም አጠራቅመው ሰጥተዋታል። ጠርሙሱን ራሳቸው ክፍል ውስጥ ቆጥረውታል፤ ሁለት ጊዜ፣ ስለተጣሉበት።

ከጉዞው በኋላ ከቢሮአችሁ በተላከ ኢሜይል ላይ በስህተት ይመስለናል የአስጎብኚው ደረሰኝ ተያይዞ መጣ። ደምረን አየነው። ካሰባሰብነው ግማሽ ያህሉ የሄደው ለእኛው አውሮፕላን፣ ለእኛው ጋይድ፣ ለእኛው ምግብ ነው። ቀሪውም በቀጥታ ወደ ምርምር አልገባም፤ ቲሸርቱ፣ ቪዲዮው፣ ባነሩ ከዚያ ላይ ተነስቷል።

በዚህ ሥራ ሁለት መንገድ እንዳለ እናውቃለን። በአንደኛው፣ ተራራ የሚወጣው ሰው የጉዞውን ዋጋ ራሱ ይከፍላል፤ ያሰባሰበው ሙሉ በሙሉ ለዓላማው ይሄዳል። በሁለተኛው፣ የጉዞው ወጪ ከተሰበሰበው ላይ ይነሳል፤ ሰው የተወሰነ መጠን ካላሰባሰበ አይሄድም። ሁለተኛው ራሱ ነውር የለበትም። አቅም የሌለው ሰውም እንዲሳተፍ ያደርጋል። ነውሩ መደበቁ ነው። ለጋሹ ከሚሰጠው ግማሹ የሰው ጉዞ እንደሚሆን ተነግሮት ከሰጠ፣ አውቆ ሰጠ። ጠርሙስ የቆጠሩት ልጆች ግን አልተነገራቸውም። እኛም አልተነገረንም፤ ሳናውቅ ዋሸናቸው። ብዙዎቻችን ብታስረዱን ኖሮ ወጪያችንን ራሳችን እንከፍል ነበር።

ቴሪ ፎክስን ድርጅታችሁ በየማስታወቂያው ይጠቅሰዋል። ካናዳዊው ወጣት ቀኝ እግሩን በአጥንት ካንሰር ካጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980 በሰው ሠራሽ እግር 143 ቀን ሮጧል፤ 5,373 ኪሎ ሜትር። ካንሰሩ ወደ ሳንባው ዘልቆ እስኪያስቆመው ድረስ። ያ ልጅ ከሩጫው ኩባንያ እንዲያተርፍበት አልፈለገም። ፎቶውን ስትለጥፉ ይህንንም አብራችሁ ብትለጥፉት ምን አለበት?

እኛ ለምን እንደወጣን አትረሱ። ከመካከላችን ልጇ የደም ካንሰር ታሞባት የዳነላት እናት አለች። በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያ ሕመም የያዘው ሕፃን የመኖር ዕድሉ ከአሥር አንድ ገደማ ነበር። ዛሬ ሕክምናው በተሟላበት አገር ከአሥር ዘጠኝ ገደማ ይድናል። የቀየረው አንድ ተአምረኛ መድኃኒት አይደለም። ለአሥርት ዓመታት በሙከራ ላይ ሙከራ ሲደረግ፣ የሌሎች እናቶች ልጆች በየሙከራው ሲገቡ፣ አንዱ መድኃኒት ከሌላው ጋር እየተቀመረ የመጣ ነው። ይህቺ እናት ጊልማንስ ፖይንት ላይ የተመለሰች ናት። ለማን እንደወጣች ታውቃለች። ያሰባሰበችው ገንዘብ የትኛው ቤተ ሙከራ እንደገባ ግን አታውቅም። አንድ ዓመት ሙሉ ጠይቃለች። የዓመት ሪፖርታችሁ «ለምርምርና ለግንዛቤ» ይልና ሁለቱን በአንድ ቁጥር ይጠቀልላቸዋል። ምርምር ሌላ ነው፤ ባነር ሌላ ነው።

ታዲያ የተቀነሰው ቀን የት ገባ? የአንድ ሌሊት ማደሪያ፣ የአንድ ቀን የጋይድና የተሸካሚ ደመወዝ፣ የአንድ ቀን የፓርክ ክፍያ ተርፏችኋል። ለ12 ሰው ሲሆን ቀላል አይደለም። ምርምር ውስጥ ካገኘነው ዝም እንላለን። ካላገኘነው ግን የተቆጠበው በእኛ ሳንባና በተሸካሚዎቹ ደመወዝ ላይ ነው።

ቪዲዮውንም ሳናነሳ አናልፍም። ኡሁሩ የደረስነው ስድስታችን አለን። ሌሎቹ ስድስት የሉም። በብሊዮማይሲን የታከመው ልጅ ጨርሶ የለም፤ ከጉዞው በፊት ያነሳችሁት ፎቶው ግን «አሸነፈ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ገጻችሁ ላይ ተለጥፏል። ሆሮምቦ መውረዱ ነው ያዳነው። ደውሎ እንዲነሳለት ጠይቋል። እስከዛሬ አልተነሳም።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይህ ነው።

የሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ቢያንስ ስድስት ቀን እንዲሆን፣ ቢቻል ረዘም ባለ ሌላ መንገድ እንዲሄድ። ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት ይህ በጽሑፍ ይነገር። ካልተቻለ ጉዞው ይቅር፤ ሰው ባለበት ከተማ በእግሩ ሄዶም ገንዘብ ያሰባስባል።

የምዝገባ ቅጹ የወሰድነውን መድኃኒት በስም ይጠይቅ። ካንሰር የታከመ ሰው የራሱ ሐኪም አይቶት ይፈርምለት። ያ ወረቀት ቢሮአችሁ መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ተራራ ላይ በጋይዱ እጅ ይሁን። ከእያንዳንዱ ቡድን ጋር አንድ የሕክምና ባለሙያ ተከፍሎት ይሂድ።

ያለፈው ዓመት ጉዞ ሒሳብ በ30 ቀን ውስጥ ይውጣ። ስንት ተሰበሰበ፣ ስንት ለጉዞ፣ ስንት ለማስታወቂያ፣ ስንት ለምርምር፤ ለምርምር የተባለው የትኛው ተቋም፣ ለየትኛው ሥራ፣ በምን ቀን እንደገባ። «እያንዳንዱ ሳንቲም» የሚለው ቃል ከወረቀታችሁ ላይ ይውጣ፤ ወይም እውነት ይደረግ።

ተሸካሚዎቹ ያልተከፈላቸው ጉርሻ ይከፈላቸው። ስማቸው በጋይዱ መዝገብ አለ። ከተሰበሰበው ገንዘብ ግን አይነካ። ባነሩን ከፈለጋችሁት የምትይዙት እናንተ ናችሁ።

የልጁ ፎቶ ዛሬውኑ ይነሳ።

መልሳችሁን ለለጋሾቻችን እናነብላቸዋለን። ካልመጣም አለመምጣቱን እንነግራቸዋለን። መምህርቷ ለተማሪዎቿ ትምህርት ሲከፈት እነግራችኋለሁ ብላቸዋለች፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ቢደርሰን ጥሩ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

የ12ቱ ተራራ ወጪዎች አስተባባሪ፣
በጉዞው ላይ የነበረችው ነርስ፣
የካንሰር ታካሚ የነበሩት አምስት ተሳታፊዎች ተወካይ፣
የአስታማሚ ቤተሰቦች ተወካይ

ግልባጭ፦
ገንዘብ ለሰጡን ሁሉ
ለጉዞው ጋይድና ለተሸካሚዎቹ